አንድ ክረምት ከእንጨት ምድጃችን ጋር

ሚኒሶታ ባለው ቤታችን ሳሎን የብረት ምድጃ ያስገባነው ጥቅምት ላይ ነው። በሩ መስታወት ነው፤ ጭስ ማውጫው በጣሪያ ይወጣል። አሁን ሚያዝያ ገብቷል።

ስለ ሙቀቱ ብዙ አልልም። ውጭ ከዜሮ በታች 25 ዲግሪ ሲሆን ሳሎናችን በካናቴራ ያስቀምጣል። ብዙ የምለው ስለ አየር ነው።

ምድጃ የሚተነፍሰው የቤቱን አየር ነው። ይህ የገባን የገና ዋዜማ ነው። ባለቤቴ ለዶሮ ወጥ ሽንኩርት ታቁላላ ስለነበር ከማብሰያው በላይ ያለውን ፋን እስከ መጨረሻው ከፈትነው። መስኮቱ ሁሉ ዝግ ነው። የምድጃው እሳት ፍም ሆኗል። ትንሽ ቆይቶ የካርቦን ሞኖክሳይድ (ቀለምም ሽታም የሌለው መርዛማ ጋዝ ነው) አላርሙ ጮኸ። ጭስ አላየንም፤ የሸተተንም ነገር የለም። ልጆቹን በብርድ ልብስ ጠቅልለን በረዶው ላይ ወጣን። የእሳት አደጋ ሠራተኞች መጥተው ከለኩ በኋላ ምክንያቱን ነገሩን። ፋኑ ከቤት ያወጣውን አየር የሚተካ ሲጠፋ፣ ምትኩ በጭስ ማውጫው ቁልቁል ይገባል። የፍሙንም ጋዝ ይዞት ይመጣል። ከዚያ ወዲህ ምድጃው እየነደደ ፋን ማብራት ግድ ከሆነ መጀመሪያ መስኮት ይከፈታል።

እናቴ "ከሰሉ በደንብ ሳይቀላ እንዳታስገቡት" ትለን ነበር። ጭሱ ካለቀ አይጎዳም ብለን አደግን። ቀይ ፍምም ግን ያንኑ ጋዝ ያወጣል። ራስ ያማል፣ ያቅለሸልሻል፤ ሰው ጉንፋን ይመስለዋል። አሁን እኛ ቤት ጀበናው ኤሌክትሪክ ላይ ነው የሚጣደው። ይህን ለእናቴም በስልክ ደጋግሜ ነግሬአታለሁ።

ማቀጣጠሉም መላ አለው። ጭስ ማውጫው ሲቀዘቅዝ አየሩ ወደ ታች ይወርዳል። በሩን ገርበብ አድርጌ ክብሪት አስጠጋለሁ። ነበልባሉ ወደ ውስጥ ካዘነበለ ይስባል። ወደ እኔ ካዘነበለ፣ ጋዜጣ ጠቅልዬ ከላይ በኩል አነድና ቧንቧውን አሞቃለሁ።

ትልቁ ስህተቴ እንጨቱ እስኪነጋ እንዲቆይ ብዬ የአየር ማስገቢያውን ጥርቅም አድርጌ መተኛቴ ነው። ጠዋት መስታወቱ ጠቁሮ አገኘዋለሁ። መስታወቱን ያጠቆረው ነገር ጭስ ማውጫው ውስጥም ይለጠፋል። ክሪዮሶት ይሉታል፤ ከተያያዘ ቤት ያቃጥላል። መጋቢት ላይ የመጣው ጠራጊ እንደ ሬንጅ የሚያብረቀርቅ ቅርፊት መዳፉ ላይ አድርጎ አሳየኝ። እንጨቱም ጥፋት ነበረበት። ደረቅ ነው ተብሎ የተሸጠልን ሲለካ እርጥበቱ 30 በመቶ ሆነ፤ ከ20 በታች መሆን ነበረበት።

አመድም አይታመንም። በማግስቱ ስቆሰቁሰው ውስጡ ቀይ ነበር። ክዳን ባለው የብረት ባልዲ፣ ከእንጨት በረንዳው አርቄ አስቀምጠዋለሁ።

ምድጃውን ዛሬም ቢሆን እገዛዋለሁ። ግን ከእሱ በፊት ለየፎቁና ለመኝታ ክፍሎቹ አካባቢ አላርም እገዛለሁ፤ ያን ሌሊት የነበረን አንድ ብቻ ነው። ለመጪው ክረምት የሚሆነው እንጨት ከአሁኑ ተፈልጦ ጓሮ ተደርድሯል። የተሸፈነው ላዩ ብቻ ነው፤ ጎኑን ለነፋስ ትተንለታል።