ላንጋኖ ላይ የጠፋው የእማዬ ቀለበት

ዘንድሮ ሀገር ቤት ሦስት ሳምንት ከረምኩ። መኪና ከነሹፌሩ ተከራይቻለሁ፣ ላንጋኖ ሁለት ሌሊት አድሬያለሁ፣ ጀልባም ተሳፍሬያለሁ። ሹፌሩ ጨዋ ልጅ ነው፤ በሞጆ–ባቱ ፈጣን መንገድ ሲነዳ አንዴም አላስደነገጠኝም። ማረፊያው ንጹሕ ነው፣ ዓሣ ጥብሳቸው ይጣፍጣል፣ ሙቅ ውሃ ግን ማታ ማታ ይጠፋል። ስለ እነዚህ ይኸው ይበቃል። ልጽፍ የተነሳሁት ስለ ሌላ አገልግሎት ነው፦ የጠፋ ወርቅ በብረት መፈለጊያ ማሽን ፈልጎ ስለማግኘት። ከሜሪላንድ ስነሳ እንዲህ ያለ ሥራ ኢትዮጵያ ውስጥ መኖሩን እንኳ አላውቅም ነበር።

በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ ወጥቼ ፎጣ ሳነሳ ጣቴ ባዶ ነው። የእማዬ የቃል ኪዳን ቀለበት! አባቴ በ1967 ፒያሳ ያሠራላት፣ ውስጡ የሁለቱ ስም መነሻ ፊደል የተቀረጸበት፣ እሷ ካረፈች ወዲህ ከእጄ ያልወጣ። ድሮም ይሰፋኝ ነበር። ውሃ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ጣት ይቀጥናል፤ የፀሐይ ቅባት ሲጨመርበት ቀለበት ሲወልቅ አይታወቅም።

ሳለቅስ ሰው ተሰበሰበ። ሠራተኞች፣ እንግዶች፣ የሰፈሩ ልጆች፣ ሁሉም አሸዋውን በእግርና በእጅ ገለባበጠው። ከልባቸው ነው ያዘኑልኝ፤ እግዜር ይስጣቸው። ኋላ እንደገባኝ ግን ትልቁ ስህተት ይሄ ነበር። ወርቅ ከባድ ነው፤ እርጥብ አሸዋ በተረገጠ ቁጥር ወደ ታች ይሰምጣል። የማረፊያው ኃላፊ «ለጠፋ ንብረት ኃላፊነት አንወስድም» የሚለውን ማስታወቂያ በጣቱ አሳይቶኝ ሄደ። አንድ «አይዞሽ» ቢለኝ ምን ነበረበት?

የደረሰልኝ ሹፌሩ ነው። «እህቴ፣ ሻሸመኔ አንድ ሰውዬ አሉ፤ የጠፋ ወርቅ በማሽን ይፈልጋሉ» አለኝና ደወለላቸው። ሰውየው በስልክ ብዙ አላወሩም። «ሰዉን ሁሉ ከዚያ አስወጪ። የቆምሽበት ቦታ ላይ እንጨት ትከዪ። እስክመጣ ማንም እንዳይረግጠው» አሉኝ። ዋጋውንም ያኔውኑ ተነጋገርን፦ ለመምጫና ለውሎ 3,000 ብር፣ ከተገኘ ተጨማሪ 7,000።

በማግስቱ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ደረሱ። ሃምሳውን የዘለሉ፣ ቀጠን ያሉ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሰው ናቸው። ሥራውን የት ተማሩት ብዬ ስጠይቃቸው «ፈንጂ ማምከን ላይ ነበርኩ» አሉኝ። ከ1990 እስከ 1992 ከተካሄደው የኤርትራ ጦርነት በኋላ ሰሜን ድንበር ላይ ለዓመታት መሬት ፈትሸዋል። ያኔ ማሽኑ ሲጮህ ሞት ነው፤ አሁን ሲጮህ የሰው ትዝታ ነው። ይህን ያልኩት እኔ ነኝ፤ እሳቸው «ያው ማዳመጥ ነው» ብለው ገመዳቸውን መፍታት ጀመሩ።

ቦታውን በገመድ አንድ አንድ ሜትር እያደረጉ ከፋፈሉት። የብረት ወንበሮቹን አስነሱ፣ ስልኬንም አርቂ አሉኝ። ሰፈሬ ለዋሽንግተን ቅርብ ስለሆነ አንድ ታሪክ ትዝ አለኝ። በ1881 እ.ኤ.አ. የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጋርፊልድ እዚያ በጥይት ሲመቱ፣ ስልክን የፈለሰፈው ቤል ጥይቱን ገላቸው ውስጥ ለማግኘት እንዲህ ያለ መሣሪያ ሠርቶ ሞክሮ ነበር። አልተሳካለትም። መሣሪያውን ካሳሳቱት ነገሮች አንዱ የአልጋው የብረት ሽቦ ነው ይባላል። ጋሼ ወንበር ሲያስነሱ ያለ ምክንያት አልነበረም።

ከዚያ የማሽኑን ጫፍ፣ ክቡን ሳህን፣ ወደ መሬት ዝቅ ከፍ እያደረጉ ማሽኑን ከአሸዋው ጋር አስማሙት። የስምጥ ሸለቆ አሸዋ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የመጣ ስለሆነ ብረትነት አለው፤ ካላስማሙት መሬቱ ራሱ ይጮሃል።

የገረመኝ ግን ትዕግስታቸው ነው። ለወርቅ ቀለበት የሚሰጠው ድምፅ ከጣሳ መጠጥ መክፈቻና ከሲጋራ ብልጭልጭ ወረቀት ጋር ይቀራረባል። «ቆሻሻ ነው ብዬ የዘለልኩት ድምፅ ቀለበትሽ ቢሆንስ?» አሉኝ። ስለዚህ አንዱንም አልዘለሉም። ማሽኑ በጮኸ ቁጥር ተንበርክከው በትንሽ አካፋ ይቆፍራሉ፣ አሸዋውን ያበጥራሉ፣ ጉድጓዱን መልሰው ይደፍናሉ። 31 ቆርኪ፣ 6 የጣሳ መክፈቻ፣ 2 ባለ 25 ሳንቲም። ሁሉንም ከረጢት ውስጥ እየከተቱ። እኔ በየጉድጓዱ ልቤ ቀጥ ይላል።

አራት ሰዓት ሊሆን ሲል፣ ከተከልኩት እንጨት አራት እርምጃ ያህል ርቆ፣ እዚህ በፍጹም አልሄድኩም ብዬ የማልኩበት ቦታ ላይ ጎንበስ አሉ። አንድ ስንዝር ያህል ቆፈሩ። ከአሸዋው አወጡት፣ ውሃ ውስጥ አጠቡት፣ ውስጡን አዩ። «የማን ፊደል ነው?» አሉኝ። መናገር አቃተኝ። እጃቸውን ልስም ስል «ተይ ልጄ» ብለው ቀለበቱን መዳፌ ላይ አስቀምጠው ጣቶቼን አጠፉልኝ።

ከተስማማንበት በላይ አንድ ብር አልተቀበሉም። ጉድለት ካላችሁኝ፣ ደረሰኝ የላቸውም፣ ስልካቸውም ቶሎ አይነሳም። ደግሞ ስስ ሐብል ቢሆን ኖሮ ያን ያህል ተስፋ እንደማይሰጡኝ ነግረውኛል። ማሽኑ የሐብሉን እያንዳንዷን ማያያዣ ለየብቻ ነው የሚሰማት፤ ትንሽ ስለሆነች ታመልጠዋለች። እንዲህ በቅንነት ስለነገሩኝ የበለጠ አመንኳቸው።

አዲስ አበባ እንደተመለስኩ የመጀመሪያ ሥራዬ ወርቅ ቤት መሄድ ነበር። አሁን ጠቦ ልክ ሆኖልኛል። ወርቅ ሠሪው ፊደሎቹን እንዳይነካ አደራ ብዬው ነበር፤ አልነካቸውም።