ከጃፋ በር እስከ ዴር ሱልጣን በዊልቸር፦ የቱ መንገድ ያስኬዳል?

ለፋሲካ እናትን ወይም አባትን በዊልቸር ይዞ ኢየሩሳሌም የሚሳለም ሰው ዋነኛ ፈተናው ርቀቱ ሳይሆን ደረጃው ነው። ከአሮጌው ከተማ ጃፋ በር ወደ ጌታ መቃብር ቤተ ክርስቲያን አቋራጩ በዳዊት ጎዳና ገበያ ያልፋል፤ ይህ ግን እርከን በእርከን የሚወርድ ደረጃ ነው። ደረጃው ላይ የተሠሩት ጠባብ መንሸራተቻዎች ያታልላሉ። የነጋዴ ጋሪ መውረጃ ናቸው፤ ለዊልቸር የሚሆን ራምፕ 1 ሜትር ከፍ ለማለት 12 ሜትር ርዝመት ይፈልጋል፣ እነዚህ ወደዚያ አይጠጉም። ከበሩ እንደገቡ ወደ ግራ ታጥፎ በክርስቲያን ሰፈር የላይኛው መንገድ መዞር ይሻላል። ቢረዝምም ያስኬዳል።

ንጣፉ በዘመናት እግር የተወለወለ ድንጋይ ስለሆነ ዝናብ ሲነካው እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። ትናንሾቹ የፊት ጎማዎች ደግሞ በድንጋዮቹ መጋጠሚያ ይሰነቀራሉ፤ ወንበሩ ድንገት ቆሞ የተቀመጠውን ሰው ወደ ፊት ይደፋዋል። ስለዚህ ሸካራ ቦታ ላይ ወንበሩን ወደ ኋላ አዘንብሎ በትልልቆቹ ጎማዎች መግፋት፣ ቁልቁለቱን ደግሞ በጀርባ መውረድ ነው።

የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ከመንገዱ ዝቅ ስለሚል መጨረሻ ላይ ጥቂት ደረጃ አለ። ሁለት ሰው ይበቃል፤ አንዱ ከኋላ እጀታውን፣ ሌላው ከፊት የወንበሩን ብረት ይይዛል። የእግር ማሳረፊያውን መያዝ አደጋ ነው፤ ተነቃይ ስለሆነ እጅ ላይ ይቀራል። ከውስጥ ጌታ የተገነዘበት ድንጋይ በሩ ፊት ለፊት፣ ወለሉ ላይ ስለሆነ ወንበሩ እስከ አጠገቡ ይደርሳል። ጎልጎታ ግን በቀኝ በኩል በቀጭንና ቀጥ ባለ ደረጃ ነው የሚወጣው። የመቃብሩም በር ጎንበስ ተብሎ የሚገባበት ስለሆነ ወንበሩ ውጭ ይቀራል።

የኢትዮጵያውያኑ ገዳም ዴር ሱልጣን የዚሁ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ ነው። ከግቢው በቅዱስ ሚካኤልና በአርባዕቱ እንስሳ ጸሎት ቤቶች በኩል የሚወጣው ደረጃ ጠባብ ስለሆነ ሰው ተሸክሞ ማለፍ አይመከርም። በኻን ኤል ዘይት ገበያ ወደ ፍኖተ መስቀል ዘጠነኛ ማረፊያ የሚወስደው ደረጃ ሰፋ ይላል፤ ሸክም ካልቀረ በዚያ ይሁን። ራምፕ ይሠራል ብሎ መጠበቅ ከንቱ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1852 የጸናው የኦቶማን ድንጋጌ ባለበት ይቆይ ስላለ፣ ከደጃፉ በላይ ባለው መስኮት ሥር ያለች የእንጨት መሰላል እንኳ ቦታውን የሚጋሩት አብያተ ክርስቲያናት ሁሉ ካልተስማሙ አትነሳም።

ሰዓቱ ማለዳ ይሁን፤ ሱቆች ዕቃቸውን መንገድ ላይ ሳይዘረጉ። ዓርብ ከሰዓት በኋላ የካቶሊኮቹ የፍራንሲስካውያን መነኮሳት ዑደት ፍኖተ መስቀልን ይሞላዋል። በቀዳም ሥዑር ፖሊስ መንገድ ስለሚዘጋ በዊልቸር ባይሞከር ይሻላል።