ሲነሳ ሃንግ ያደርግ የነበረው ኮምፒውተራችን እና የገባለት ኤስኤስዲ፦ ከወራት አጠቃቀም በኋላ

ይህን የምጽፈው ስለ አንድ ተራ ዕቃ ነው። 500 ጊጋባይት የሚይዝ፣ በሳታ (ዲስክን ከማዘርቦርድ ጋር በሚያገናኘው መሰኪያ) የሚሰካ፣ 2.5 ኢንች ኤስኤስዲ፤ የሚሽከረከር ክፍል የሌለው ማከማቻ ማለት ነው። የገዛሁት ፍጥነት አምሮኝ አይደለም። የቤታችን ዴስክቶፕ ዊንዶውስ ሲከፍት መሃል ላይ ቀጥ ብሎ ይቀር ስለነበር ነው። አሁን ዕቃው ከገባ ከመንፈቅ በላይ ሆኖታል። በየቀኑ ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ የቤቱ ሰው ሁሉ ይሠራበታል። የመጀመሪያው ሳምንት ደስታ በረድ ስላለ ረጋ ብዬ ልናገር እችላለሁ።

ፍርዴን ከፊት ላስቀምጥ። ዕቃው ጥሩ ነው። ድጋሚ ብገዛ እሱኑ እገዛለሁ። ግን «ኮምፒውተር ሲነሳ ሃንግ ካደረገ ኤስኤስዲ አስገባበት» የሚለውን ምክር ዝም ብላችሁ አትቀበሉ። የእኛን ያዳነው ችግሩ በእርግጥ ዲስኩ ላይ ስለነበረ ነው። ያንን ደግሞ ከመግዛቴ በፊት አረጋግጫለሁ። ችግሩ ራም (ጊዜያዊው ማህደረ ትውስታ) ላይ ቢሆን ኖሮ ገንዘቤን አውጥቼ ጠብ የሚል ነገር አላገኝም ነበር። ስለዚህ ስለ ዕቃው ከማውራቴ በፊት እንዴት እንደለየሁት ልናገር።

ኮምፒውተር ሲነሳ የሚቆምበት ቦታ ብዙ ይናገራል። የአምራቹ ምልክት ስክሪኑ ላይ ወጥቶ፣ የሚሽከረከሩት ነጥቦች ገና ሳይመጡ ከቆመ፣ አብዛኛውን ጊዜ ዊንዶውስ ሥራ አልጀመረም ማለት ነው። ያኔ የሚጠረጠሩት ራም፣ ኬብል፣ ዩኤስቢ ላይ የተሰካ ነገር፣ መልስ የማይሰጥ ዲስክ ወይም ራሱ ማዘርቦርዱ ናቸው። ነጥቦቹ መጥተው ሳይጨርሱ ከቀሩ ዊንዶውስ ድራይቨሮቹን (የኮምፒውተሩን ክፍሎች የሚያሠሩትን ትንንሽ ፕሮግራሞች) ወይም ፋይሎቹን ሲጭን እየተደናቀፈ ነው። የይለፍ ቃል ካስገባችሁ በኋላ ጥቁር ስክሪን ከመጣ ደግሞ መጀመሪያ የግራፊክስ ድራይቨሩን እና አብረው የሚነሱትን ፕሮግራሞች ጠርጥሩ።

የእኛው የሚቆመው ነጥቦቹ ላይ ነበር። አንዳንዴ ብዙ ቆይቶ ይከፍታል። አንዳንዴ ጭራሽ አይከፍትም። ሌላም ምልክት ነበረው። ኬዙ ፊት ላይ ያለችው የዲስክ መብራት በደህናው ጊዜ ብልጭ ድርግም ትላለች። ሃንግ ሲያደርግ ግን በርታ ትቀራለች፣ አትጠፋም። ጆሮ ጠጋ ሲደረግ ደግሞ ከዲስኩ ቀጭን ተደጋጋሚ ጠቅታ ይሰማል። ይቺን መብራት ብዙ ሰው ልብ አይላትም። እኔ ግን ኮምፒውተር ሲቆም መጀመሪያ የማየው እሷን ነው።

ያም ሆኖ መብራት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ከኪቦርድና ከማውስ በቀር ዩኤስቢ ላይ ያለውን ሁሉ ነቀልኩ። ለውጥ የለም። በሴፍ ሞድ ለማስነሳት ሞከርኩ። ሴፍ ሞድ የግድ የሚያስፈልጉትን ድራይቨሮች ብቻ ነው የሚጭነው። በዚያ በደንብ ቢነሳ ጥፋቱ የድራይቨር ወይም የፕሮግራም ነው ብዬ እደመድም ነበር። በሴፍ ሞድም ቀጥ አለ። እዚያ እንዴት ይገባል ለምትሉ፣ ዊንዶውስ 10 እና 11 ሲነሱ ደጋግመው ከከሸፉ ራሳቸው ወደ ጥገናው ገጽ ይገባሉ። የይለፍ ቃል ገጹ ድረስ ከደረሰላችሁ ደግሞ ሺፍትን ተጭናችሁ ሪስታርት በሉት።

ነገሩን የቆረጠልኝ ግን ኡቡንቱ ነው፤ በዊንዶውስ ፈንታ የሚሠራ፣ ከሊኑክስ ወገን የሆነ ኦፕሬቲንግ ሲስተም። ፍላሽ ላይ አዘጋጅቼው፣ ኮምፒውተሩ ላይ ምንም ሳልጭን ከፍላሹ አስነሳሁት። ኮምፒውተሩ ያለ አንዳች ችግር ሠራ። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ራሙ፣ ፕሮሰሰሩ፣ ማዘርቦርዱ እና ግራፊክሱ በአንድ ጊዜ ከጥርጣሬው ቀለል አሉ ማለት ነው። ራሙን በሜምቴስት፣ በራም መፈተሻው ፕሮግራም፣ ሌሊቱን ሙሉ ፈተሽኩት፤ ንጹሕ ነው። የቀረው ዲስኩ ነው።

ማንኛውም ዲስክ ስለ ጤንነቱ ራሱ መዝገብ ይይዛል። ስማርት ይባላል። ረጅም ዝርዝር ስለሆነ ያስፈራል፤ እኔ የማያቸው ሦስት ቁጥሮችን ነው። ተራ ቁጥር 5 በትርፍ ቦታ የተተኩ የተበላሹ ሴክተሮችን (ዲስኩ የተከፋፈለባቸውን ትንንሽ ቦታዎች) ይቆጥራል። 197 ለማንበብ ያስቸገሩና ውሳኔ የሚጠብቁ ሴክተሮችን ይቆጥራል። 199 ደግሞ በዲስኩና በማዘርቦርዱ መካከል ሲተላለፍ የተበላሸ መረጃን ይቆጥራል። የአሮጌው ዲስክ 197ኛው ቁጥር ዜሮ አልነበረም። ፋይል ኮፒ ባደረግሁ ቁጥር ደግሞ ይጨምር ነበር።

ይህ ከሃንጉ ጋር እንዴት ይገናኛል? የዴስክቶፕ ሃርድ ዲስክ ማንበብ ያቃተው ሴክተር ሲያጋጥመው ቶሎ ተስፋ አይቆርጥም። ጽሑፉ የደበዘዘበት ሰው ያንኑ መስመር እየደጋገመ እንደሚያነብ ሁሉ፣ እሱም ያንኑ ቦታ ደጋግሞ ይሞክራል። ለሰርቨርና ለጋራ ማከማቻ የሚሠሩ ብዙ ዲስኮች ከ7 ሰከንድ ገደማ በኋላ «አልቻልኩም» ብለው እንዲያልፉ ተደርገው ነው የሚሠሩት። የቤት ዲስክ ግን ከዚያ በላይ ሊቆይ ይችላል። በዚያ ላይ ያ ሴክተር ዊንዶውስ ለመነሳት የሚያስፈልገው ፋይል ከተቀመጠበት፣ ኮምፒውተሩ በሙሉ እሱን ይጠብቃል። እኛ ሃንግ አደረገ የምንለው ያንን ጥበቃ ነው። አንዳንዴ ቆይቶ የሚከፍተው ከብዙ ሙከራ በኋላ ማንበብ ስለሚሳካለት ነው።

ለዚህ ነው «ፎርማት ይደረግ» የሚለው መልስ የሚያናድደኝ። አንድ ጥገና የሚሠራ ሰው ዲስኩን ሳያይ ይህንኑ ነግሮናል። ፈጣኑ ፎርማት የፋይሎቹን ማውጫ ብቻ አጥፍቶ ያልፋል፣ የተበላሸውን ቦታ አይነካውም። ዊንዶውስ አዲስ ተጭኖ ለጥቂት ጊዜ ደህና ይመስላል፣ ከዚያ ያው ይመለሳል። ፎቶዎቻችሁ ግን አብረው ሄደዋል። ቼክ ዲስክ የሚባለውም መሣሪያ በሚሞት ዲስክ ላይ ከድጡ ወደ ማጡ ሊሆን ይችላል፤ ዲስኩን ከዳር እስከ ዳር እያስነበበ ያደክመዋል። መጀመሪያ ፋይል ይውጣ፣ ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ነው። እኔም በኡቡንቱ ገብቼ የቤተሰቡን ፎቶና ሰነድ ወደ ውጪ ዲስክ አወጣሁ። ትልልቅና ተመልሰው ሊገኙ የሚችሉ ነገሮችን ለመጨረሻ አቆየሁ።

ከዚያ ኤስኤስዲው ገባ። መግጠሙ ቀላል ነው። የዴስክቶፕ ቦታው ለ3.5 ኢንች ስለሚሠራ ትንሽ ማስያዣ ብረት ያስፈልጋል። በውስጡ የሚሽከረከር ነገር ስለሌለ መንቀጥቀጥ አያሳስብም። አሮጌውን ዲስክ ክሎን ማድረግ፣ ማለትም እንዳለ ወደ አዲሱ መገልበጥ፣ ይቻል ነበር። አልፈለግሁም። የተበላሸ ፋይል ይዞ ወደ ጤነኛ ዕቃ መሄድ ምን ይጠቅማል? ዊንዶውስን እንደ አዲስ ጫንኩ። እዚህ ላይ አንድ ነገር አደራ እላለሁ፦ ስትጭኑ ኤስኤስዲው ብቻ ተሰክቶ ይሁን። አሮጌው ዲስክ አብሮ ከተሰካ ጫኙ የማስነሻ ፋይሎቹን እሱ ላይ ሊያስቀምጥ ይችላል። ኋላ አሮጌውን ስትነቅሉ አዲሱም አይነሳም።

አሁን ወደ አጠቃቀሙ። ኮምፒውተሩ ከግማሽ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ይከፍታል። በእነዚህ ወራት ይህ አልተለወጠም። ምክንያቱ ብዙ ሰው እንደሚያስበው በሰከንድ ስንት ሜጋባይት ያነባል የሚለው አይደለም። በደቂቃ 7,200 ጊዜ የሚዞር ሃርድ ዲስክ አንድ ዙር ለመጨረስ 8.3 ሚሊሰከንድ ይፈጅበታል። የሚፈለገው ቦታ ከማንበቢያው ሥር እስኪደርስ በአማካይ የዚያን ግማሽ ይጠብቃል፤ የማንበቢያው ክንድ መንቀሳቀሻ ጊዜ ሳይቆጠር። ኤስኤስዲ ያንኑ በ0.1 ሚሊሰከንድ ገደማ ያደርሳል። ኦፕሬቲንግ ሲስተም ሲነሳ በሺዎች የሚቆጠሩ ትንንሽ ንባቦች ይደረጋሉ። ልዩነቱ የሚጠራቀመው እዚያ ነው። ስለዚህ ማዘርቦርዳችሁ የቆየ ሆኖ የሳታ መሰኪያው 6 ሳይሆን 3 ጊጋቢት ቢሆንም አትስጉ፤ ለውጡን ታዩታላችሁ።

ያልፈታውም አለ። ብራውዘር ላይ ብዙ ገጽ ሲከፈት አሁንም ይንቀራፈፋል፣ ያ የራም ጉዳይ ነው። ቪዲዮ ማቀናበርም ያው እንደ ድሮው ነው፤ ፕሮሰሰሩ አልተቀየረም። በጣም ትልቅ ፋይል ሲገለበጥበት ደግሞ በፍጥነት ይጀምርና መሃል ላይ ቀዝቀዝ ይላል። በውስጡ ያለው ፈጣን ማረፊያ ቦታ ሲሞላ የሚሆን ነው። በእኛ አጠቃቀም እምብዛም አያጋጥምም።

ከጥቂት ወራት በኋላ ግን ኮምፒውተሩ ሲነሳ እንደገና ሃንግ አደረገ። ልብ በሉ፣ አሁን የቆመው ነጥቦቹ ላይ አይደለም። የማዘርቦርዱ ምልክት ላይ ነው፣ ዊንዶውስ ገና ሳይጀምር። አንዳንዴ ያልፋል፣ አንዳንዴ ይቀራል። በቤቱ ያለው ሁሉ «አዲሱ ዲስክ ተበላሸ» አለ። የስማርት መዝገቡን ከፈትኩ። 5ኛው ንጹሕ ነው። 199ኛው ግን ከፍ ብሏል፣ በማግስቱም ጨመረ። በዊንዶውስ ኢቨንት ቪውወር (ዊንዶውስ የሚያጋጥመውን የሚጽፍበት መዝገብ) ውስጥም መለያ ቁጥር 129 ተደጋግሞ ተመዝግቧል። ዊንዶውስ ይህን የሚጽፈው ዲስኩ መልስ ሲዘገይበትና ግንኙነቱን እንደገና ሲያስጀምር ነው። ሁለቱ አንድ ላይ ሲታዩ ጣት የሚቀስሩት ወደ ኬብሉ ነው። የሳታ ኬብሉ ከአሮጌው ዲስክ የተረፈ፣ ጠርዙ ላይ የታጠፈ ነበር። መቆለፊያ ባለው አዲስ ኬብል ቀየርኩት። ሃንጉ ቀረ። 199ኛው ቁጥር ወደ ዜሮ አይመለስም፤ የታሪክ መዝገብ ነው። ካለበት ፍንክች አለማለቱ ነው ቁም ነገሩ። እስከ ዛሬ ፍንክች አላለም። መዝገቡን ባላይ ኖሮ ደህና ኤስኤስዲ ልመልስ ነበር።

ስለ ዕድሜው ሰው አብዝቶ ይጨነቃል። የእኔው ሞዴል ዋስትና 5 ዓመት ወይም 300 ቴራባይት እስኪጻፍበት ነው፣ የቀደመው። ሲካፈል በየቀኑ 160 ጊጋባይት ገደማ ይመጣል። በተራ የቤት ሥራ ወደዚያ የሚጠጋ የለም። የእኔ ጭንቀት ሌላ ነው። ሃርድ ዲስክ ብዙ ጊዜ ሲሞት ያስጠነቅቃል፦ ይንቀራፈፋል፣ ጠቅ ጠቅ ይላል። ኤስኤስዲ ግን እንደ ዱብ ዕዳ አንድ ቀን ጭራሽ ላይታይ ይችላል። በዚያ ላይ ትሪም የሚባለው፣ የተደመሰሰ ፋይል የያዘውን ቦታ ለማጽዳት የሚለየው አሠራር፣ የተደመሰሰን ፋይል መልሶ ማግኘትን በጣም ከባድ ያደርገዋል። ስለዚህ የፋይሎቻችን ቅጂ አሁንም በውጪ ሃርድ ዲስክ ላይ ይቀመጣል። ኤስኤስዲን ለዓመታት ኤሌክትሪክ ሳያገኝ ሳጥን ውስጥ አስቀምጦ እንደ መዝገብ ቤት መጠቀምም አይመከርም። ዲፍራግ (የተበታተኑ የፋይል ክፍሎችን መሰብሰብ) አታድርጉት፤ ዊንዶውስ የሚያስፈልገውን ትሪም በራሱ ጊዜ ያከናውናል።

ሳልናገር ማለፍ የሌለብኝ አንድ ገደብ አለ። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ በጥቅምት ወር 2025 እ.ኤ.አ. አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባለውን የደህንነት ክፍል እና በማይክሮሶፍት ዝርዝር ውስጥ ያለ ፕሮሰሰር ይጠይቃል። ኤስኤስዲ ይህንን አያሟላም። ኮምፒውተራችሁ በጣም የቆየ ከሆነ ከመግዛታችሁ በፊት ምን እንደምትጭኑበት ወስኑ። ሊኑክስ ለመጫን ከተዘጋጃችሁ ግን የቆየው ኮምፒውተርም በዚህ ዕቃ ገና ብዙ ይሠራል።

ስትገዙ ሁለት ነገር እዩ፦ የዋስትናው ዘመን እና የሚጻፍበት ጠቅላላ መጠን። አምራቹ እነዚህን ካልጻፈ እለፉት። ከቻላችሁ ኪውኤልሲ ከሚባለው የኤስኤስዲ ዓይነት ይልቅ ቲኤልሲ የሚባለውን ምረጡ፤ ብዙ ሲጻፍበት ይሻላል። ከ240 ይልቅ 500 ጊጋባይቱ ይሻላል፤ እስከ አፉ የሞላ ኤስኤስዲ ይደክማል። እና አብራችሁ አዲስ ሳታ ኬብል ግዙ።