የሦስት ቮልት ባትሪና የጋሼ ማሲንቆ፦ ዲኤክስ 7ን ዘጠኝ ወር ከያዝኩት በኋላ

መጀመሪያ ልናገርና ይውጣልኝ። ባትሪው ነው። ሌላው ሁሉ ደህና ነው፤ ቁልፎቹ ይሠራሉ፣ ስክሪኑ ትንሽ ቢደበዝዝም ይነበባል። አንዲት ሳንቲም የምታህል ባትሪ ግን ሁለት ወር እንቅልፍ ነሳችኝ።

ዕቃው ያማሃ ዲኤክስ 7 ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣው ዲጂታል ሲንተሳይዘር፣ ድምፁን ራሱ በኤሌክትሪክ የሚፈጥር ኪቦርድ። ባለፈው ጥር፣ ሰርግ በሰርግ በሆነበት ሰሞን፣ እዚሁ ደብረ ማርቆስ በየድንኳኑ ኪቦርድ ሲጫወቱ ከኖሩ አንድ ጋሼ ላይ ገዛሁት። ጣታቸውን ቢያማቸው ነው የሸጡት። ዋጋውን አልናገርም፣ ባለቤቴ ታነባለች።

እውነቱን ለመናገር የገዛሁት ለሆዱ ነው። ዲኤክስ 7 ውስጡ 32 ድምፅ ይይዛል፤ ከነዚህ ውስጥ ስምንቱን ጋሼ ራሳቸው ናቸው የሠሯቸው። ክራር አለ፣ ዋሽንት አለ፣ «ማሲንቆ 2» የምትባል ደግሞ አለች። እሷን ከፍቼ አንቺሆዬ ስጫወት እናቴ ከጓዳ ወጥታ «ማን መጣ?» አለችኝ። አዝማሪ በር ላይ የቆመ መስሏት ነው።

ታዲያ ይህ ሁሉ ድምፅ ማሽኑ ሲጠፋ የሚኖረው በአንዲት ባለ 3 ቮልት ባትሪ ነው። ሲአር 2032፣ የትም ሱቅ የምትገኘዋ። እዚህ ግን ቦርዱ ላይ በሶልደር ተይዛለች፣ እንደ ሬዲዮ ባትሪ አውጥቶ መክተት የለም። ሚያዝያ ላይ ፈንክሽን የሚለውን ቁልፍ ተጭኜ 14 ቁጥርን ስነካ የባትሪውን ቮልት አሳየኝ። 2.2 ይላል። ደነገጥኩና ተሸክሜው ወደ አንድ ጠጋኝ ሄድኩ። «ባትሪ መቀየር ነው፣ አምስት ደቂቃ» አለኝ። ቃሉን ጠብቋል፣ በአምስት ደቂቃ ነቅሎ አዲስ አሰረበት። ቤት ወስጄ ስከፍተው የ32ቱም ስም የተዘበራረቀ ፊደል ሆኗል። ቁልፍ ስነካ ወይ ዝም፣ ወይ የታነቀ ድመት።

ጠጋኙን ብረግመው ደስ ይለኝ ነበር። ግን ድምፆቹን በሚዲ ገመድ፣ የሙዚቃ መሣሪያን ከኮምፒውተር በሚያገናኘው፣ ቀድሞ ወደ ኮምፒውተር ማውጣት እንደሚቻል ያላነበብኩት እኔ ነኝ። እሱ ቴሌቪዥን ጠጋኝ ነው፣ የማሽኑ ሆድ ውስጥ የሰው ዕድሜ እንዳለ በምን ያውቃል?

የፋብሪካዎቹ ድምፆች ተመልሰዋል፤ ፋይላቸው ኢንተርኔት ላይ በነጻ አለ። ሦስት ጊዜ ልኬ እምቢ ካለኝ በኋላ ነው የማህደሩ መከላከያ እንዳልተነሳ፣ የሚዲው መቀበያም እንዳልተከፈተ የገባኝ። ግን የጋሼ ስምንቱ የትኛው ኢንተርኔት ላይ ይገኛሉ?

አሁን ኪቦርድ የሚሸጠው ልጅ ሲስቅብኝ ይታየኛል። «ብዬህ ነበር፣ አዲሱን ግዛ! የሐበሻ ሪትም አለው፣ ስፒከር አለው፣ 14 ኪሎ ብረት አትሸከምም።» ልክ ነህ ወንድሜ፣ ይኼኛው ሪትምም ስፒከርም የለውም። ሰርግ ቤት «ሪትሙስ?» ሲሉኝ ከበሮ መቺውን ነው የማሳያቸው። ግን ሙዚቀኛው ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 አኮርዲዮኑን ከሲንተሳይዘርና ከድራም ማሽን ጋር ሲያዋድድ የሐበሻውን ሪትም የጫነለት ነጋዴ አልነበረም፣ ራሱ ነው ያመጣው። ያንተ ኪቦርድ ማሲንቆ ደግሞ፣ ይቅርታ አድርግልኝና፣ ስልክ ላይ የተቀዳ ማሲንቆ ነው። ጠንከር አድርጌ ብነካው አይቆጣም፣ ለስለስ ባደርገው አያባብልም። የጋሼዋ ትቆጣ ነበር።

በሰኔ አንዱን ቀን አፍሬ ቤታቸው ሄድኩ። ነገርኳቸው። ዝም ብለው ቆዩና «ባትሪውን ነቀለው በለኛ» አሉ። ከዚያ ተነስተው ከአልጋው ሥር ካለ ሳጥን ባለ 50 ሉክ ደብተር አወጡ። በየገጹ ቁጥር ብቻ። ለአንድ ድምፅ ከ140 በላይ ቁጥር፣ በእርሳስ፣ በእጃቸው ጽፈው።

ሙሉ ከሰዓት ፈጀብን። እሳቸው ያነባሉ፣ እኔ እጨምራለሁ። ዲኤክስ 7 ላይ የሚሽከረከር ማዞሪያ የለም፤ አንዱን ቁጥር በቁልፍ ትጠሩታላችሁ፣ በአንዲት ተንሸራታች ትሞሉታላችሁ፣ ወደሚቀጥለው። ማሲንቆ 2 ገጽ ላይ ስንደርስ ቡና ፈሶበታል። ኦፕሬተር 3 ላይ (ኦፕሬተር ማለት ማሽኑ ውስጥ ሞገድ የሚያወጣ ክፍል ነው) ያለው ቁጥር 1 ይሁን 7 አይለይም።

ይኼ ቀላል ነገር አይደለም። የዚህ ማሽን አሠራር የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲው ጆን ቾውኒንግ እ.ኤ.አ. በ1967 የደረሰበት ነው፤ አንዱ ሞገድ ሌላውን ያንቀጠቅጠዋል፣ ጆሯችን የሚሰማው የተንቀጠቀጠውን ነው። ስድስት ኦፕሬተር እርስ በርሱ ሲነቃነቅ የአንዷ ቁጥር መሳት ማሲንቆውን ቆርቆሮ ያደርገዋል። 7 አስገባሁ። የወደቀ ሰሃን። «አጥፋው አጥፋው» አሉ ጋሼ ጆሯቸውን ይዘው። 1 አደረግኩት። ዝቅተኛዋን ቁልፍ ያዝ አድርጌ ቆየሁ፤ ያ የጭራው ሻካራ ነገር፣ ከመነሻው ላይ ትንሽ የሚያንገራግረው፣ መጣ። ጋሼ ምንም አላሉም። ትከሻቸው ግን ተነቃነቀ።

ስለዚህ ተጸጽተሃል ወይ ለምትሉኝ፣ በግንቦት ብትጠይቁኝ በግማሽ ዋጋ እሰጣችሁ ነበር። ዛሬ አልሸጥም። ለመግዛት የምታስቡ ካላችሁ ግን ገንዘብ ሳትቆጥሩ ፈንክሽን 14ን ንኩ፤ 3 አካባቢ ካላለ ባትሪው ሳይነካ በፊት ሆዱን ወደ ኮምፒውተር አውጡ። እኔ አሁን ላፕቶፕ ላይ፣ ፍላሽ ላይ፣ የእህቴ ስልክ ላይ ሳይቀር አስቀምጫለሁ።

ከስምንቱ አምስቱ ተመልሰዋል። ሦስቱ ደብተሩ ላይ አልተጻፉም፤ ዋሽንቷ ከነሱ አንዷ ናት። ቅዳሜ ቅዳሜ ከጋሼ ጋር በጆሮ እየፈለግናት ነው። እስካሁን የወጣልን የትራፊክ ፊሽካ ነው።