የኤርባግ መብራት በርቶ ለቀረባችሁ፦ ገርጂ ያገኘሁት ጋራዥ

የኮሮላዬ ክላክስ ድምፁ ጠፋ፤ በዚያው ሰሞን ዳሽቦርዱ ላይ ቀዩ የኤርባግ ምልክት በርቶ ቀረ። አስቀድሜ የሄድኩበት ጋራዥ «አምፖሉን እንንቀለውና ይገላገሉ» አለኝ። ተቆጥቼ ወጣሁ። የልጅ ልጆቼን የምጭንበት መኪና ነው! ያ መብራት ሞተር ሲነሣ ለጥቂት ሰከንድ ታይቶ መጥፋት አለበት፤ ጭራሹን የማይበራ ከሆነም ጤና አይደለም።

ገርጂ ያሉት ልጆች ግን ክላክሱና ኤርባጉ አንድ ላይ መበላሸታቸውን ስነግራቸው ወዲያው መሪውን ጠረጠሩ። የሁለቱም ኤሌክትሪክ የሚያልፈው መሪው ሲዞር አብሮ በሚጠቀለል ስስ ገመድ በኩል ነው፤ የእኔው ተበጥሶ ተገኘ።

አሠራራቸውን ቆሜ አየሁ። ልጁ ካቻቢቴ ከማንሣቱ በፊት የባትሪውን ነጌቲቭ ገመድ ፈታና እጁን አጣምሮ ቆመ። ምን እንደሚጠብቅ ብጠይቀው፣ «እትዬ፣ ባትሪው ቢፈታም ውስጥ የተጠራቀመ ኤሌክትሪክ አለ፤ ኤርባጉን ሊያፈነዳው ይችላል» አለኝ። የቶዮታ መመሪያ ቢያንስ 90 ሰከንድ መጠበቅን ያዛል፤ እርሱ ከዚያም በላይ ታገሠ። ኤርባጉን ሲያወጣ ሽፋኑን ከሰውነቱ በተቃራኒ አዙሮ ያዘው፣ ጠረጴዛው ላይም ፊቱን ወደ ላይ አድርጎ አስቀመጠው፤ ተደፍቶ ቢፈነዳ ዕቃው ራሱ ተስፈንጥሮ ሰው ይመታል። ኤርባጉንም በቴስተር አልለካውም። የመለኪያው ትንሽ ኤሌክትሪክ እንኳን ሊያቀጣጥለው ስለሚችል ምርመራው በኮምፒውተር ብቻ ነበር። አዲሱን ገመድ ሲገጥም ጎማዎቹን ቀጥ አድርጎ የገመዱን መሃል አገኘ፤ ይህ ከተዘለለ መሪው እስከ ጫፍ በዞረ ጊዜ ገመዱ ዳግመኛ ይበጠሳል።

ሳልጠይቃቸው ቀበቶዎቹንም እየጎተቱ ፈተሹ። የሹፌሩ ቀበቶ ጠርዙ ተተልትሎ ነበር። ከተፈታታ አሮጌ መኪና የወጣ ቀበቶ አይገጥሙም። በግጭት ጊዜ ቀበቶውን የሚወጥረው ፈንጂ የሚሠራው አንድ ጊዜ ብቻ ስለሆነ፣ ያገለገለው ተቃጥሎ ያለቀ ሊሆን ይችላል። በዚህ አቋማቸው አከበርኳቸው።

ቅር ያሰኘኝ አዲሱ ቀበቶ መዘግየቱ ነው። ሲደርስ እንደሚደውሉ ቃል ገብተው አልደወሉም፤ ደጋግሜ መጠየቅ ነበረብኝ። ለሚጠብቅ ሰው አንድ አግዳሚ ወንበር እንኳን የላቸውም። ዋጋቸው ከአካባቢው ከፍ ይላል፤ እኔ ግን ሳልከራከር ከፍያለሁ። የምትሄዱ ከሆነ በማለዳ ድረሱ፣ ሊብሬያችሁንም ያዙ፤ መለዋወጫ የሚያዙት በሻንሲ ቁጥር ነው።