ለኮምቦልቻዋ ፋርማሲስት ምስጋና፣ የጉበት ታማሚ ላላችሁ ደግሞ ጥቆማ

ሰላም ለሁላችሁ፣ የደሴና የኮምቦልቻ ወገኖች። ይህን የምጽፈው አንዲት እህታችንን በአደባባይ ለማመስገን ነው። ኮምቦልቻ ውስጥ ፋርማሲ ትሠራለች። አባታችንን ያተረፈችልን መድኃኒት አልሸጥም ብላ ነው።

አባታችን ጉበታቸውን ከታመሙ ቆይተዋል። መነሻው ሄፓታይተስ ቢ ነው። ቫይረሱ ስንት ዓመት ድምፁን አጥፍቶ ኖሮ ጉበታቸውን አጠጥሮታል፤ ሐኪሞች ሲሮሲስ የሚሉት ነው። ሆዳቸው ውሃ ስለሚቋጥር የሚያሸና ኪኒን ይወስዳሉ። ይህን ሁሉ እናውቅ ነበር። የጉበት በሽታ አእምሮ ላይም እንደሚወጣ ግን የነገረን ሰው አልነበረም።

የጀመረው በእንቅልፍ ነው። ቀን ቀን ይጥላቸዋል፣ ሌሊት ዓይናቸው ፈጦ ያድራል። ቀጥሎ ያንኑ ነገር ደጋግሞ መጠየቅ መጣ። በትዕግሥታቸው የሚታወቁት ሰውዬ በትንሽ በትልቁ መቆጣት ጀመሩ። አንድ ሐሙስ ሊነጋጋ ሲል ለባብሰው በር ላይ ቆመው አገኘናቸው። "ባቲ ልሄድ ነው፣ ጭነቱን አውጡልኝ" አሉን። ዕድሜያቸውን ሙሉ ባቲ የነገዱ ሰው ናቸው። የባቲ ገበያ ሰኞ መሆኑን ደግሞ እኛ ቤት ሕፃኑም ያውቀዋል።

ጎረቤት የመሰለውን ተናገረ። እርጅና ነው ያለ አለ፣ ጅን ነው ያለም አለ። ዱዓ ተደረገላቸው። ከዚያ አንድ የጤና ተቋም ወሰድናቸው። እንቅልፍ አጡ ስንል ቶሎ ብለው ዲያዜፓም ጻፉልን። ስለ ጉበታቸው አንድም ጥያቄ የጠየቀን የለም። እኔም ወረቀቱን ይዤ፣ አባታችንን ባጃጅ ውስጥ አስቀምጬ፣ ፋርማሲው ገባሁ።

ልጅቷ ወረቀቱን አየችና "ለማን ነው? ሌላስ ምን ይወስዳሉ?" አለችኝ። የያዝኩትን ፌስታል ከፈትኩላት። ቴኖፎቪር፣ ስፓይሮኖላክቶን፣ ፍሮሴማይድ፣ ፕሮፕራኖሎል። አንድ በአንድ እያነሳች አነበበች። "ጉበታቸውን ነው የሚያማቸው?" አዎ። "ቀን ተኝተው ሌሊት ይነቃሉ?" አዎ። "ሽንት ቤት ከወጡ ስንት ቀናቸው? ሰገራቸው እንደ ሬንጅ ጠቁሯል? ትኩሳትስ አላቸው?" ወረፋ የሚጠብቅ ሰው ከኋላዬ ነበር፤ እሷ ግን አልቸኮለችም። በመጨረሻ "ወንድሜ፣ ይህን እኔ አልሰጥህም። እስቲ እሳቸውን ልያቸው" አለች።

ወጥታ ባጃጁ አጠገብ ቆመች። "አባባ፣ እጅዎን እንዲህ ይዘርጉልኝ" ብላ ትራፊክ ፖሊስ መኪና ሲያስቆም እንደሚያደርገው መዳፏን ቀጥ አድርጋ አሳየቻቸው። ዘረጉ። እጃቸው አልጸና አለ። ከአንጓው ላይ ዝቅ ይላል፣ ብድግ ይላል፣ ደግሞ ዝቅ። ሻይ ሲደፋባቸው የሰነበተው ለካ በዚህ ነው። "ከመቶ ላይ ሰባት ቢነሳ ስንት ይቀራል?" ብላ ጠየቀቻቸው። የገበያ ሂሳባቸውን ሁሉ በቃላቸው የሚይዙት አባቴ ዝም አሉ። ያን ዝምታ መቼም አልረሳውም።

"እብደት አይደለም፣ ጅንም አይደለም። ጉበታቸው ነው" አለችኝ። ያስረዳችኝን ላልሰማ ላሰማ። አንጀታችን ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ምግብን፣ በተለይ ፕሮቲንን፣ ሲያብላሉ አሞኒያ የሚባል ነገር ያወጣሉ። ለአንጎል መርዝ ነው። ደህና ጉበት አሞኒያውን ወደ ዩሪያ ይቀይረውና በሽንት ይወጣል። የጠጠረ ጉበት ግን አቅም ያጥረዋል፣ ከአንጀት የሚመጣው ደምም ጉበቱን በአቋራጭ እየዞረ ያልፋል። ደሙ አሞኒያውን እንዳለ ተሸክሞ አንጎል ይደርሳል፤ አሞኒያው እዚያ ያሉ ሴሎችን ያሳብጣል። ሲጀምር የእንቅልፍ መዛባት፣ መርሳትና የጠባይ መለወጥ ነው። ችላ ከተባለ ራስን እስከ መሳት ይደርሳል። በጊዜ ከተደረሰበት ግን ብዙውን ጊዜ ይመለሳል።

የሚቀሰቅሰው ነገርም አለ። ሆድ ድርቀት፣ ኢንፌክሽን፣ የጨጓራና የአንጀት መድማት፣ የሰውነት ውሃ ማነስ፣ የፖታሲየም መውረድ። የእንቅልፍ ኪኒንም ከእነዚሁ አንዱ ነው። "ማስተኛቱን ያስተኛቸዋል፤ መቀስቀሱ ነው የሚቸግረው" አለችኝ። እኔ ደግሞ የመጣሁት እሱኑ ልገዛ ነበር።

ቁራጭ ወረቀት አወጣች። የሚወስዱትን መድኃኒት ከነመጠኑ ጻፈችበት፣ ያየችውን የእጅ መርገብገብ ጨመረች፣ ሆዳቸው ደርቆ መሰንበቱንም። "ነገ አይባልም። አሁኑኑ ደሴ፣ ድንገተኛ ክፍል ውሰዳቸው" አለች። ሳንቲም አልተቀበለችኝም። የሐረጎን ዳገት ስንወጣ ጭንቅላታቸውን ትከሻዬ ላይ ጥለውት ነበር፣ ስሜን እየደጋገምኩ እየነገርኳቸው ነው ደሴ የገባነው።

ድንገተኛ ክፍል የተቀበለን ሐኪም ያቺን ወረቀት ደጋግሞ አነበባት። ከሆዳቸው ውሃ በመርፌ ቀድተው ኢንፌክሽን መኖር አለመኖሩን አዩ፤ አልነበረም። ፖታሲየማቸው ወርዷል፣ አንጀታቸው ደርቋል። የሚያሸናውን ኪኒን ለጊዜው አቆሙት፣ ፖታሲየሙን አስተካከሉ፣ ላክቱሎስ የሚባለውን ሽሮፕ ጀመሩላቸው። ሆዳቸው ሲለቅ አእምሯቸውም እየጠራ መጣ። አንድ ጠዋት አልጋው ላይ ቀና ብለው "ከኮምቦልቻ እዚህ ድረስ ስንት አስከፈሏችሁ?" አሉ። እህቴ እዚያው አለቀሰች። ነጋዴው አባታችን ተመልሰዋል። ደሴ ላይ ቀን ከሌት ላገዙን ሐኪሞችና ነርሶችም ውለታችሁን አላህ ይክፈላችሁ።

የፋርማሲስቷ ነገር በዚህ አላበቃም። ላክቱሎሱን የምንወስደው ከእሷ ነው። ከገበያ ሲጠፋ ደዋውላ ያለበትን ትነግረናለች። አሠራሩንም ያወቅነው ከእሷ ነው፤ ሽሮፑ አንጀት ውስጥ አሞኒያውን ይዞ በሰገራ ያስወጣዋል። ስለዚህ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ለስለስ ያለ ሰገራ መውጣት አለበት። እናቴ "ተቅማጥ ያዛቸው" ብላ ልታስቆመው ስትል "እናቴ፣ የሚፈለገው እኮ እሱ ነው" አለቻት። ከዚያ በላይ ከበዛ ግን መጠኑን ለሐኪም ነግሮ ማስቀነስ ነው፤ ሰውነት ውሃ ካጣ ያው በሽታ ተመልሶ ይመጣልና።

በምግቡም ብዙ ተከራክረናል። ዘመድ ሁሉ "ጉበት የያዘው እንቁላል አይንካ፣ ሥጋ አይቅመስ" ይላል። እሷም ሐኪማቸውም የነገሩን ሌላ ነው። ታማሚው መራብ የለበትም። ጡንቻ ራሱ አሞኒያን በማስወገድ ጉበትን ያግዛል፤ ፕሮቲን ከተከለከለ ጡንቻው ይመናመናል። ስለዚህ ምስር፣ ሽሮ፣ እርጎ፣ እንቁላልም፣ ትንሽ ትንሽ ቶሎ ቶሎ። ማታ ከመተኛታቸው በፊትም የሆነ ነገር ይቀምሳሉ። ጨው ብቻ ይቀነስ። የረመዳን ጾም ነገር አባታችንን በጣም አሳዝኗቸዋል፤ ለታመመ ሰው አለመጾም የተፈቀደ መሆኑን ኢማማችን ቁጭ ብለው ስላስረዷቸው ተጽናንተዋል።

ፌስታላችንንም አጽድታልናለች። ለጉልበታቸው ሕመም ይወስዱት የነበረውን ማስታገሻ፣ ዲክሎፌናክን፣ አወጣችው፤ ሆዱ ውሃ ለቋጠረ የጉበት ታማሚ ኩላሊት ይጎዳል። ለወፍ በሽታ ተብሎ ከሰው የመጣ ቅጠልም ነበር። ሳትሳደብ፣ ሳታሳፍር፣ "ምን እንዳለበት ስለማናውቅ የደከመ ጉበት ላይ አንጨምርበት" ብላ አስተወችን። ይህ አነጋገሯ ነው እናቴን የማረካት።

ደግሞ ቤተሰቡ ሁሉ እንዲመረመር ያደረገችው እሷ ነች። ሄፓታይተስ ቢ በደም፣ በግብረ ሥጋ፣ በወሊድ ጊዜም ከእናት ወደ ልጅ ይተላለፋል። አብሮ በመብላት አይተላለፍም። የአባታችሁን ሳህን የለያችሁ ካላችሁ እባካችሁ መልሱት። ነፃ የሆንነው ክትባቱን ጀምረናል፤ ለአዋቂ በስድስት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ነው። ለሕፃናት አገራችን ከእ.ኤ.አ. 2007 ጀምሮ በመደበኛው ክትባት ውስጥ ትሰጠዋለች፣ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንታቸው።

እህቴ፣ ይህን እንደምታነቢው አውቃለሁ። አባታችን ሰኞን ሰኞ ብለው እየጠሩ ነው። አላህ ዕድሜና ጤና ይስጥሽ፣ ወልደሽ ለመሳም ያብቃሽ።

ስሟንና የፋርማሲውን ስም እዚህ እንዳልለጥፍ አደራ ብላኛለች። የጉበት ታማሚ ያለው ሰው በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ አድራሻውን እልካለሁ። ስትሄዱ የሚወስዱትን መድኃኒት በሙሉ፣ ቅጠሉንም ጭምር፣ ይዛችሁ ሂዱ። ዓርብ ከሰዓት ወረፋ ስለሚበዛባት ጠዋት ይሻላል። ታማሚያችሁ ቀንና ሌሊት ከተምታታበት፣ እጁም ከረገበገበ ግን እሷንም አትጠብቁ፤ በቀጥታ ሆስፒታል ውሰዱት።