ከአንኮበር ቁልቁል፦ ወደ ቆላው የወሰደን የእግር ጉዞ ማኅበር

ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ በአንኮበር በኩል ወደ ቆላው የሚወርደውን የሁለት ቀን የእግር ጉዞ የሚያዘጋጀው ማኅበር እንዴት ነው ብለው የሚጠይቁኝ የሥራ ባልደረቦቼ በዝተዋል። አጭሩ መልሴ ይህ ነው፦ መንገድ መሪው እጅግ ጥሩ ናቸው፣ ውኃው በቂ ነው፣ ምግቡ ይበላል፤ አዘጋጆቹ ግን የደጋ ሰዎች ናቸው፤ ብርድን ያውቃሉ፣ ሙቀትን ይንቃሉ። ወቀሳም ስለሚኖርበት የማኅበሩን ስም አልጠቅስም፤ የከተማችን ሰው እንደሆነ ያለ እኔም ያውቀዋል።

እኔ ነርስ ነኝ። ሰው ከጎኔ ሲሄድ እግሩን ትቼ ፊቱን አያለሁ፦ ከንፈሩ ደርቋል ወይ፣ ላቡ ቆሟል ወይ፣ ሲቀልድ የነበረው ዝም ብሏል ወይ። ይህንንም የምጽፈው በዚያው ዓይን ስለሆነ የመልክዓ ምድሩን ውበት የሚፈልግ ሰው ፎቶግራፎቹን ቢመለከት ይሻለዋል፤ ማኅበሩ ፎቶ በማንሳት አይታማም።

ክፍያው 2,500 ብር ነው። መጓጓዣ፣ መሪ፣ እራትና ቁርስ፣ ድንኳን እንዲሁም ውኃና ዕቃ የሚጭኑ አህዮች በዚህ ውስጥ ይካተታሉ። ብርድ ልብስ ግን ከቤት ነው። ብርድ ልብስ ፋብሪካ ያለበት ከተማ ሰው ብርድ ልብስ አያጣም ብለው ይሆናል። የመንገዱን ጸጥታ አስቀድመው ከወረዳዎቹ ይጠይቃሉ፤ ከዚህ በፊት ምላሹ ስላላማራቸው ጉዞ ሰርዘው ለሁሉም ገንዘቡን እንደመለሱ ከተመለሰላቸው ሰዎች ሰምቻለሁ። ይህ በእኔ ዘንድ ትልቅ ቦታ አለው።

መነሻው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተባለ፤ የተነሣነው ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ነው። ኅዳር መገባደጃ ላይ የደብረ ብርሃን ውርጭ ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ሜዳው ነጭ ሆኖ፣ እኛ እጃችንን በብብታችን ይዘን፣ አንዱ ዳቦ ሊገዛ ሄዶ፣ ሌላው ገና ከአልጋው ሆኖ በስልክ «መንገድ ላይ ነኝ» እያለ። ለደጋ ጉዞ ይህ ተራ መዘግየት ነው፤ ቢበዛ ሲመለሱ ይመሻል። ወደ ቆላ ለሚወርድ ሰው ግን የጠፋው ሰዓት ሁሉ ከቀዝቃዛው ጠዋት ተቀንሶ በቀትሩ ላይ ይጨመራል። ከአዘጋጆቹ ለአንዱ ይህን ስነግረው «ሲስተር፣ ፀሐይ ሲወጣ ብንነሣ አይሻልም? ብርድ ነው እኮ» አለኝ። የማኅበሩ ችግር በሙሉ በዚህች መልስ ውስጥ ነበር።

መኪናው ከ3,000 ሜትር በላይ በሆነው ደጋ ላይ አልፎ አንኮበር ሲያደርሰን ገደሉ ሥር ያለው አገር ገና በጉም እንደተሸፈነ ነው። ጭላዳዎች ገደሉ አፋፍ ላይ ሣር ይነጫሉ። መሪያችንን እዚያ አገኘናቸው፦ የአልዩ አምባ ሰው፣ አርጎባ፣ ዕድሜያቸው ስልሳን የተሻገረ፣ ጫማቸው ከጎማ የተሠራ በረባሶ። የእኛን ውድ ጫማዎች ተራ በተራ ተመለከቱና ምንም ሳይሉ ለእያንዳንዳችን ዱላ አደሉን። ዱላው በክፍያው ውስጥ ነው፤ ከ2,500 ብሩ ውስጥ ከሁሉም የጠቀመኝ እሱ ይመስለኛል። ቁልቁለት የሚጎዳው ጭንንና ጉልበትን ነው፤ የጭን ጡንቻ እየተለጠጠ ክብደት ስለሚሸከም ሕመሙ የሚበረታው በማግስቱና በሠልስቱ ነው። ዱላ ከዚያ ሸክም ጥቂቱን ወደ ክንድ ያሻግራል። የእግር ጥፍርን አሳጥሮ መቁረጥና የጫማን ክር ከቁርጭምጭሚት በኩል ማጥበቅ ደግሞ የራስ ድርሻ ነው፤ ማኅበሩ ይህን በመመዝገቢያው ቀን ቢናገር ኖሮ አብራን የነበረች አንዲት ልጅ ሁለት ጥፍሯን ባላጣች።

መንገዱ ታሪክ አለው፤ መሪያችንም ታሪክ የሚናገሩት ሰው ሲደክም ብቻ ነው፣ ማረፊያ እንዲሆን። የምኒልክ ቤተ መንግሥት የነበረበትን ኮረብታ ከታች ሆነው በዱላቸው አሳዩን። ከዚያ በፊት፣ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፣ ከታጁራ ወደብ የሚነሣው ሲራራ ነጋዴ የአፋርን በረሃ አቋርጦ አልዩ አምባ ገበያ ይደርስ ነበር፤ በ1841 (እ.ኤ.አ.) ወደ ንጉሡ የተላከው የእንግሊዝ ልዑክም የመጣው ከዚያው ከታጁራ ተነሥቶ ነው። እነሱ ከሐሩር ወደ ብርድ ወጡ፣ እኛ ከብርድ ወደ ሐሩር ወረድን። የእኛው ሳይብስ አይቀርም፤ ወደ ላይ የሚወጣ ሰው እየቀዘቀዘው ይሄዳል፣ ወደ ታች የሚወርድ ግን ድካሙና ሙቀቱ አንድ ላይ ይጨምሩበታል። በየ1,000 ሜትሩ ቁልቁለት አየሩ ስድስት ዲግሪ ያህል እንደሚሞቅ ይታሰብ፤ ከደብረ ብርሃን እስከ ቆላው ደግሞ ልዩነቱ ከ1,000 ሜትር ይበልጣል።

ጽዱና ወይራው አልቆ ቁልቋሉ ሲመጣ ጃኬት መውለቅ ጀመረ። ግራሩ ላይ ስንደርስ አህዮቹ ከውኃው ይልቅ የእኛን ልብስ የተሸከሙ ይመስሉ ነበር። ውርጭ ላይ ቆሞ የለበሰ ሰው ከሰዓታት በኋላ ምን እንደሚገጥመው አይታየውም፤ አዘጋጆቹ ግን መንገዱን ስለሚያውቁት ሊነግሩት ይገባል። ሰፊ ባርኔጣና እጀ ረጅም ስስ ሸሚዝ ይያዙ የሚል አንዲት መስመር ማስታወቂያው ላይ ብትጨመር በቂ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ቅሬታዬ። ማኅበሩ ከኋላ የሚሄድ፣ ፊሽካ በአንገቱ ያንጠለጠለ ሰው መድቧል፤ ማንም ከእሱ ኋላ አይቀርም። በጣም ጥሩ አሠራር ነው። ከፊት ያሉት ወጣቶች ግን እየሮጡ ይቀድሙና ከግራር ጥላ ሥር ይቀመጣሉ፣ ይበላሉ፣ ይሳሳቃሉ፤ እኛ ኋለኞቹ እየተንፏቀቅን ስንደርስ «በሉ እንግዲህ ሁሉም ደርሷል፣ እንነሣ!» ይባላል። ስለዚህ ማረፍ የማያስፈልገው ሩብ ሰዓት ሲያርፍ፣ ማረፍ የሚያስፈልገው ቁጭ ሳይል ይነሣል። ይህ በተደጋገመ ቁጥር ኋለኛው ይበልጥ ኋለኛ ይሆናል። ሦስተኛው ዕረፍት ላይ ተቀመጥሁና አልነሣም አልኩ። መሪያችን መጥተው ከጎኔ ተቀመጡ፤ ከዚያ ወዲያ የዕረፍቱ ሰዓት የሚቆጠረው የመጨረሻው ሰው ከተቀመጠ በኋላ ሆነ። ይህ ለዚያ ቀን ብቻ የተደረገ ውለታ መሆን የለበትም፣ የማኅበሩ ደንብ ውስጥ ይግባ።

ውኃው እንዳልኩት በቂ ነው። አህዮቹ ሃያ ሃያ ሊትር የሚይዙ ጄሪካኖች ጭነዋል፣ በየዕረፍቱ የእያንዳንዱ ሰው ኮዳ ይሞላል፣ ኮዳው ያልጎደለ ሰው ይጠየቃል። የጎደለው ጨው ነው። ሰው ሲያልበው ውኃም ጨውም ይወጣዋል፤ ባዶ ውኃ ብቻ አብዝቶ የሚጠጣ ሰው በደሙ ውስጥ ያለውን ጨው ያቀጥነዋል፣ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ይመጣል፣ ሲብስም አደገኛ ነው። ጥቂቶቻችን በሶ ይዘን ነበር፤ በሶ ከነጨው በውኃ ተበጥብጦ ሲጠጣ ለእንዲህ ያለው መንገድ የሚወዳደረው የለም። ሌሎቹ ብስኩትና ከረሜላ ነበር የያዙት።

ከቀኑ 7 ሰዓት ገደማ አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ዝም አለ። ጠዋት ሲዘፍን የነበረው እሱ ነው። ፊቱ ነጣ፣ እግሩ ተጠላለፈ፣ «ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ» እያለ ቁጭ አለ። እጁን ስይዘው ቆዳው ቀዝቅዞ ረጥቧል፣ የልብ ምቱ ይሮጣል። ስሙንና ያለንበትን ቦታ ጠየቅሁት፤ በትክክል መለሰ። እፎይ ያልኩት ያኔ ነው። መዘባረቅ ቢጀምርና ሰውነቱ ቢግል ኖሮ ነገሩ ሌላ ነበር፤ የሰውነት ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ አንጎል ይጎዳል፣ ያለውን ውኃ ሁሉ ሰውነቱ ላይ አፍስሶ፣ እያራገቡ ወደ ሕክምና መሮጥ ነው። መሪያችን እኔ ሳልናገር ልጁን ጥላ ውስጥ አስተኝተው እግሩን በጭነቱ ላይ ከፍ አድርገውለት፣ ነጠላዬን ተቀብለው ከጄሪካኑ እያራሱ ነበር።

የመጀመሪያ እርዳታ ሳጥኑን አስመጣሁ። ቀይ፣ አዲስ፣ ያማረ ሳጥን ነው። ውስጡ ፋሻ፣ ፕላስተር፣ ሦስት ዓይነት የሕመም ማስታገሻና የመጠቀሚያ ጊዜው ያለፈበት የቆዳ ቅባት። ቴርሞሜትር የለም። ኦአርኤስ የለም፤ በየመድኃኒት ቤቱ በትንሽ ገንዘብ የሚሸጠው፣ በውኃ የሚበጠበጥ የጨውና የስኳር ዱቄት ያለበት ያ ከረጢት የለም። ደግነቱ የእራቱ ስንቅ አህያ ላይ ነበር፦ በአንድ ሊትር ውኃ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ማንኪያው ሳይቆለል። ልጁ በጥቂት በጥቂቱ ጠጣ፤ አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ ፊቱ ተመለሰ፣ በቀስታም ደረሰ። አዘጋጆቹ ማታ ሳጥኑን ምን እንሙላው ብለው መጥተው ጠየቁኝ፤ ዝርዝሩን ጽፌ ሰጠኋቸው። የሚሰማ ሰው መሆናቸውን መካድ አይቻልም።

አልዩ አምባ ስለነበረው ማታ ብዙ የምለው የለም፤ ጥሩ ነበር። ድንኳኖቹ ንጹሕ ናቸው። ስለ ምግቡ ግን አንድ ነገር ልበል፤ የነቢያት ጾም ገብቶ ነበር፣ ከእኛ ጋር ደግሞ ሙስሊሞችም ክርስቲያኖችም አሉ፣ ያረፍንበትም አገር አብዛኛው ሙስሊም ነው። እራቱ ለሁሉም ሽሮ፣ ምስርና ጎመን ሆነ፤ ማን አረደው የሚል ጥያቄ ሳይነሣ ሁሉም ከአንድ ትሪ በላ። ይህን ያሰበችው የማኅበሩ ወጥ ሠሪ ናት አሉ፤ ጭንቅላት ያላት ሴት ናት።

ለሴቶች የታሰበ ነገር ግን የለም። መንገዱ እየወረደ ሲሄድ ቁጥቋጦው እየሳሳ ይሄዳል፣ መጸዳጃ የሚባል ነገር የለም፣ ሃምሳ ሰው ይከተልሻል። ነጠላ እየዘረጋን ተጋረድን። ብዙ ሴቶች ይህን ፈርተው ውኃ ከመጠጣት ይቆጠባሉ፤ ይህ ለበረሃ ከጫማውም ከባርኔጣውም የከፋ ነገር ነው። አንድ አራት ማዕዘን ሸራና አራት እንጨት አህያዋን አይከብዳትም። በነገራችን ላይ ሃምሳ ሰው ራሱ ብዙ ነው፤ ሃያ አምስት ቢሆን የመጨረሻው ሰው ከፊተኛው በዓይን ይታያል።

ድምፅ ማጉያ ይዘው የመጡ ልጆች ነበሩ። ከጠዋት ጀምሮ ሙዚቃው አላቋረጠም፤ አዘጋጆቹ «ወጣት ነው፣ ይጫወት» ይላሉ። መሪያችን ግን ሁለተኛው ቀን ላይ ጠሯቸውና «ልጆቼ፣ በዚህ አገር ጩኸት የሚሰማው ሰው ሲጠፋ ነው። እረኛው ከብቱን ጥሎ ይሮጥላችኋል» አሏቸው። ወዲያው ጠፋ።

ሁለተኛው ቀን ነው ገንዘቤን ያስረሳኝ። የመነሻውን ሰዓት የወሰኑት መሪያችን ናቸው፤ ከሌሊቱ 10 ሰዓት። አዘጋጆቹ ሊያንገራግሩ ሲሞክሩ «ፀሐይዋ እኔን አትጠብቀኝም» ብለው ዱላቸውን አነሡ። በጨለማ፣ በባትሪ፣ ተራ ገብተን ሄድን። ወደ አፋር በኩል መሬቱ እየተዘረጋ፣ ማሽላው በየማሳው ታጭዶ፣ ከዚያም ማሳው አልቆ ግራርና ቀንጠፋ ብቻ ሆነ። ሊነጋጋ ሲል ጅግራዎች ከፊታችን ተነሡ፤ ከርከሮ ጭራውን አቁሞ ከነግልገሎቹ መንገዱን አቋረጠ። ከኋላችን የአንኮበር ገደል ከላይ ጀምሮ እየበራ ወደ ታች መጣ፤ ትናንት የወረድነው ያን ነው ወይ እያልን ቆመን አየነው። ከአፋር በኩል የሚመጡ ግመሎች አልፈውን ሄዱ፣ ባለቤቶቻቸው ከመሪያችን ጋር ረጅም ሰላምታ ተለዋወጡ፤ ስለ ውኃው፣ ስለ ሣሩ፣ ስለ ጤናው። ከጠዋቱ 4 ሰዓት ሳይሞላ መኪናው ያለበት ደረስን። ላብ የሚባል አልነበረንም፣ ሳጥኑም አልተከፈተም። ያው ሰው፣ ያው እግር፣ እንዲያውም የበለጠ ሞቃት አገር ነው፤ የተለየው የተነሣንበት ሰዓት ብቻ ነው። የመጀመሪያውንም ቀን ሰዓት ለእሳቸው ቢተዉላቸው ለማኅበሩ አምስት ኮከብ እሰጠው ነበር። አሁን ሦስት ተኩል። ግማሿ ለወጥ ሠሪዋ ናት።

ሽቅብ መመለስ አለመኖሩ ትክክለኛ ውሳኔ ነው፤ መኪናው ዞሮ መጥቶ ይወስዳል። በተቃራኒው ሽቅቡን በእግር አስወጡን ብለው አዘጋጆቹን የሚወተውቱ ወጣቶች አሉ፤ አይስሟቸው።

ለጥር ጉዞ ምዝገባው ተጀምሯል። ጥር ይሻላል፤ ከሚያዝያ ወዲያ ያለውን ግን ለማንም አልመክርም። የመመዝገቢያ ቅጹ የሚጠይቀው ስምና ስልክ ብቻ ስለሆነ፣ የደም ግፊት ኖሮባችሁ ሽንት የሚያበዛ ኪኒን የምትወስዱ ካላችሁ፣ ስኳር ያለባችሁም እንዲሁ፣ መጀመሪያ ሐኪማችሁን ጠይቁ፤ ከዚያም ለመሪው ሳይነጋ በፊት ንገሯቸው። ቅጹ ላይ ቦታ ከጠፋ ከጀርባው ጻፉት።